አዲሱ የነሐስ ሞድና የሚሞላው ታንክ፦ ቺፕ ከሌለው ማን ይጠብቀዋል?

በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር (በተራ ቁጥር የተከታተሉ ጽሑፎች ያሉበትን ውይይት) የከፈተው በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ሲያጨስ ቆይቶ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የዞረ ሰው ነው። በቁጥር 1 ጽሑፉ አዲስ የገዛውን መካኒካል ሞድ (ባትሪውን የሚይዘውን፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለበትን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አካል) አስተዋወቀ። ዕቃው 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የነሐስ ቱቦ ሲሆን 18650 የሚባለውን አንድ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ይይዛል። ስክሪን፣ ቺፕ፣ ዋት መጨመሪያና መቀነሻ የሚባል ነገር የለውም፤ ከሥሩ ያለው ቁልፍ ሲጫን የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ከቱቦው አካል ጋር ይገናኝና ኃይሉ በቀጥታ ወደ ኮይሉ (ግሎ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ወደሚቀይረው ጥምዝ ሽቦ) ይሄዳል። ከላይ የገጠመበት ታንክ 4 ሚሊሊትር ፈሳሽ የሚይዝ፣ ክዳኑ ተነሥቶ ከላይ የሚሞላ፣ ኮይሉንና ፈሳሹን ወደ ኮይሉ የሚስበውን ጥጥ ባለቤቱ ራሱ የሚቀይርለት ዓይነት ነው። ጸሐፊው ስለ ቱቦው ክብደት፣ ስለ ብሎን ጥርሶቹ ልስላሴ፣ ስለ እንፋሎቱ ሙቀትና ስለ ፈሳሹ ጣዕም ረዘም ያለ መግለጫ ጽፏል፤ ዕቃ የሚወድ ሰው አጻጻፍ በመሆኑ ለማንበብ ደስ ይላል። ከመግለጫው ቀጥሎ ግን አንድ ድምዳሜ አስከተለ፤ ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት ዕቃ የሚበላሽ ነገር ስለሌለው ከባለ ስክሪኖቹ ሳጥኖች (ቺፕ ካለባቸው ሞዶች) ይልቅ አስተማማኝ ነው አለ። በመጨረሻም ሁለት ጥያቄ አቀረበ፦ ታንኩ ሲያድር በአየር ማስገቢያው በኩል ፈሳሽ የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው? ጠዋት ደማቅ የነበረው ጣዕምስ ከሰዓት በኋላ ለምን ይደበዝዛል?

ቁጥር 2 እንኳን ደስ አለህ ብሎ የጀመረ የጨዋ ሰው መልስ ነው። የራሱ ባለ ስክሪን ሳጥን ፈሳሽ ገብቶበት ሥራ እንዳቆመ፣ ከዚያ ወዲህም ቀላል ዕቃ እንደሚመርጥ ገልጾ በድምዳሜው ተስማማ፤ ፎቶ ካለም እንዲለጠፍለት ጠየቀ።

በቁጥር 3 ከአትላንታ የጻፈች ሴት ስለ ፍሳሹ የሰጠችው ማብራሪያ ከክሩ ሁሉ በትዕግሥቱ የሚበልጥ ነው። እንዳስረዳችው ፈሳሹን በታንኩ ውስጥ የሚያቆዩት የጎማ ቀለበቶቹ ብቻ አይደሉም። ፈሳሹ በጥጡ ተስቦ ወደ ኮይሉ በሄደ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ ይህም ልዩነት የቀረውን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይዞ ያቆየዋል። ጥጡ የፈሳሽ መግቢያዎቹን በደንብ ካልሸፈነ አየር በቀላሉ ወደ ታንኩ ይገባል፣ በገባው አየር ፋንታም ፈሳሹ ወደ ታች ወርዶ በአየር ቀዳዳው ይወጣል። በተቃራኒው ጥጡ ከታጨቀ ፈሳሽ በበቂ ፍጥነት ስለማያልፍ ኮይሉ ይደርቅና ጉሮሮ የሚቧጥጥ የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም ይመጣል። ስለዚህ የጥጡን ሁለት ጫፎች ከመግቢያው ትንሽ አስረዝሞ መቁረጥ፣ በመርፌ አበጥሮ ማሳሳት፣ መግቢያውን እንዲሸፍን እንጂ እንዳይደፍን አድርጎ ማስቀመጥና ታንኩ ከመዘጋቱ በፊት ጥጡን በፈሳሽ ማራስ እንደሚገባ መከረች። ስለ አሞላሉም ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ቅደም ተከተል ጻፈች። በመጀመሪያ የአየር ማስገቢያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የአየር ቀለበት ይዘጋል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ይሞላል፤ ክዳኑ ከተመለሰ በኋላ ታንኩ ተገልብጦ የአየር ቀለበቱ ይከፈታል፤ ይህ ሲደረግ ክዳኑ ሲዘጋ የተፈጠረው ተጨማሪ ግፊት ፈሳሹን ወደ ታች ገፍቶ አያስወጣውም። ፕሮፒሊን ግላይኮል የበዛበት ቀጭን ፈሳሽ ግሊሰሪን ከበዛበት ወፍራም ፈሳሽ ይልቅ እንደሚያፈስ፣ በበጋ መኪና ውስጥ የተተወ ታንክም ፈሳሹ በሙቀት ስለሚቀጥን እንደሚያንጠባጥብ አክላለች።

ክሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ የተለመደ የዕቃ ግምገማ ሆኖ ይቀር ነበር። በቁጥር 4 ግን በለንደን የሚኖር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ገብቶ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ጠየቀ፦ የኮይሉ ኦም (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚቋቋምበት መጠን) ስንት እንደሆነ፣ ባትሪው የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነና የታንኩ መሐለኛ ፒን (ከሥሩ መካከል ያለችው የብረት መገናኛ) ከጥርሱ ምን ያህል ወጣ ብሎ እንደሚታይ። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ጽሑፍ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ነሐሱ መዓዛ ሳይቀር የተጻፈበት መግለጫ አንዲት የኦም ቁጥር እንኳ አልነበረበትም። መካኒካል ሞድ ደግሞ ያለዚያች ቁጥር ሊነገርለት የሚችል ነገር ትንሽ ነው።

ጠያቂው በቁጥር 5 ሲመልስ ኮይሎቹ ከታንኩ ጋር በማሸጊያው ውስጥ የመጡ፣ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተጠመዘዙ ሁለት ኮይሎች መሆናቸውን፣ መለኪያ እንደሌለው፣ ባትሪውን ጓደኛው እንደሰጠውና በባትሪው ልባስ (የፕላስቲክ ሽፋን) ላይ 40 አምፔር (የሚያፈስሰው የኤሌክትሪክ መጠን) የሚል ጽሑፍ እንዳለ ገለጸ። ፒኑን እንዳልተመለከተ በግልጽ ተናገረ።

በቁጥር 6 የለንደኑ ሰው ድምፁ ተቀየረ። ሒሳቡን በዝርዝር አስቀመጠ፦ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ይሰጣል፤ ይህ ለኮይሉ ኦም ሲካፈል የሚፈሰው አምፔር ይገኛል። በ0.5 ኦም 8.4 አምፔር፣ በ0.2 ኦም 21 አምፔር፣ በ0.1 ኦም ደግሞ 42 አምፔር ይሆናል። ኦሙ በግማሽ በወረደ ቁጥር አምፔሩ እጥፍ ስለሚሆን ከታች ያለችው ትንሽ ልዩነት ከላይ ካለችው ይልቅ ከባድ ዋጋ አላት። እንደ ሶኒ (የባትሪ ሥራው በ2017 ለሙራታ እስኪተላለፍ ድረስ)፣ ሳምሰንግና ኤልጂ ያሉ ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ሲመረጡ ለቆዩት የ18650 ባትሪዎቻቸው የሚሰጡት የማያቋርጥ አምፔር በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ በሌላ ኩባንያ ልባስ ላይ የሚታተም የ40 አምፔር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ለአጭር ቅጽበት የሚሰጠውን ወይም ጭራሹን የተጋነነ ቁጥር ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸውም እነዚህን ባትሪዎች ተለይተው በሰው እጅ እንዲያዙና ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዲውሉ እንዳልሠሯቸው ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል።

ከዚያ ወደ ድምዳሜው ተመለሰ። ጠያቂው የሚበላሽ ነገር የለውም ያለው ዕቃ የሚከላከልለትም ነገር እንደሌለው አሳሰበው። በባለ ስክሪኑ ሳጥን ውስጥ ያለው ቺፕ ሾርት ሲኖር (ኃይሉ ኮይሉን ዘሎ በአቋራጭ ሲፈስ) ኃይሉን ያቋርጣል፣ ቁልፉ ተጭኖ ከቀረ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ያጠፋዋል፣ የባትሪው ቮልት ከወረደ ሥራ ይከለክላል፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅም ያቆማል፤ በነሐሱ ቱቦ ግን ይህ ሁሉ የባለቤቱ ሥራ ነው። ፊውዝ የሌለው ቤት ፊውዙ አይቃጠልበትም ብሎ የሚመካ ሰው እንደማለት ነው ሲል ጻፈ። አባባሉ ትክክል ቢሆንም አነጋገሩ ሻከር ያለ ነበር፣ መዘዙም በቀጣዩ መልስ ታየ።

በቁጥር 7 ከፍራንክፈርት የጻፈ ሰው ይህ ሁሉ ሰውን ለማስፈራራት ነው አለ። መካኒካል ሞድ ለረጅም ዘመን ሲጠቀም አንድም ነገር ደርሶበት እንደማያውቅ፣ አደጋ የሚደርሰው በሰነፎች ላይ እንደሆነና ሁሉንም ነገር በኦምና በአምፔር የሚለካ ሰው ደስታውን እንደሚያጣ ገለጸ። የለንደኑን ሰውም ሳይጠየቅ አስተማሪ የሆነ ሲል ተናገረው። በዚህ መልስ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ያው ጸሐፊ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እሱ ራሱ ከ0.35 ኦም በታች እንደማይወርድና ሁልጊዜም እንደሚለካ ይናገራል፤ ማለትም የሚቃወመውን ምክር ራሱ እየፈጸመ ነው።

ቁጥር 8 ወደ ፍሎሪዳና ወደ ቴክሳስ ወሰደን። ጸሐፊዋ ስድብ ሳትጨምር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በሴንት ፒተርስበርግ ፍሎሪዳ፣ በጥር 2019 ደግሞ በፎርት ዎርዝ ቴክሳስ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈንድቶባቸው ሁለት ሰዎች መሞታቸውን አስታወሰች፤ የመጀመሪያው ስባሪው የራስ ቅሉን ዘልቆ፣ ሁለተኛው የአንገት ደም ሥሩ ተቆርጦ ነው የሞተው። የአሜሪካ የእሳት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ዘገባ ከ2009 እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ በመገናኛ ብዙኃን የተነገሩ 195 የእሳትና የፍንዳታ አደጋዎችን እንደመዘገበና 133 የአካል ጉዳቶችን እንደቆጠረም ጻፈች። ሞት እጅግ ጥቂት መሆኑን አልካደችም፤ ነገር ግን ቱቦ የሆነ ዕቃ ደካማ ጎኑ ሁለቱ ጫፎቹ በመሆናቸው ባትሪው ሲፈነዳ አንዱ ጫፍ እንደሚወነጨፍ፣ በሚሳብበት ጊዜ ደግሞ አንደኛው ጫፍ ፊት ላይ እንደሆነ አሳሰበች። ከፍራንክፈርት ለዚህ መልስ አልመጣም።

ቁጥር 9 የመኪና መካኒክ ነኝ ባለ ሰው የተጻፈ ሲሆን ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ስለ ፒኑ የቀረበውን ጥያቄ አፍታትቶ ያስረዳል። ታንክ የሚገጠምበት ጥርስ አምስት መቶ አሥር ይባላል፤ በግማሽ ሚሊሜትር ርቀት የተቆረጡ አሥር ጥርሶች ስላሉት ነው። በአንዳንድ ሞዶች በታንኩና በባትሪው መካከል በማገጃ የተከበበ መገናኛ ስላለ የታንኩ ፒን ባትሪውን አይነካውም። ሃይብሪድ በሚባለው አሠራር ግን መካከለኛ ነገር የለም፣ የታንኩ ፒን የባትሪውን ፖዘቲቭ አናት በቀጥታ ይነካል። ፒኑ ከጥርሱ ጠርዝ በግልጽ ወጣ ያላለ እንደሆነ ወይም በስፕሪንግ ተደግፎ ወደ ውስጥ የሚገፋ ከሆነ፣ የጥርሱ ጠርዝ ራሱ ባትሪውን ይነካዋል፤ ጠርዙ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ያን ጊዜ ኮይሉ ምንም ያህል ኦም ቢኖረው ፋይዳ የለውም፣ ኃይሉ በኮይሉ ሳያልፍ ሾርት ይሆናል። መካኒኩ ከዚህ ጋር ስለ ልባሱ አነሣ። የ18650 ባትሪ ፖዘቲቭ የሆነው አናቱ ላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት፤ ቀሪው ቆርቆሮ፣ እስከ ትከሻው ድረስ፣ ኔጌቲቭ ነው፣ የሚለያቸውም ቀጭን የፕላስቲክ ልባስና ከአናቱ ሥር ያለች የወረቀት ቀለበት ብቻ ናቸው። ልባሱ በጥፍር ያህል እንኳ ከተቀደደ ባትሪው እንዳይገባ፣ ልባሱ በሳንቲም ዋጋ ስለሚገኝ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ መቀየር እንደሚቻል ገለጸ። የቱቦው የጋዝ ማስወጫ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑና ቁልፉ ኪስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመቆለፊያ ቀለበቱ እንዲቆለፍም አስጠነቀቀ።

በቁጥር 10 ጠያቂው አመሰገነ፣ ፒኑን አይቶም ወጣ ያለና የማይንቀሳቀስ እንደሆነ አረጋገጠ። መለኪያ ከሥራ ባልደረባው እንደሚዋስ ቃል ገባ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተበተነ። በቁጥር 11 በአሌክሳንድሪያ የምትሠራ ነርስ መለዋወጫ ባትሪ ከመኪና ቁልፍና ከሳንቲም ጋር በሱሪ ኪስ ይዞ መሄድ ጭን ላይ ለሚደርስ ቃጠሎ ምክንያት እንደሚሆን ጽፋ የፕላስቲክ መያዣ እንዲገዛ መከረች። ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ በቆዳም እንደሚገባ፣ ሕፃን ከጠጣው መርዝ እንደሆነ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ጠርሙስ ደግሞ ልጅን እንደሚጠራ አስታውሳ፣ ታንክ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሚሞሉ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። በቁጥር 12 አንድ ሰው ይህንኑ ሞድና ታንክ ለታናሽ ወንድሙ ወደ አዲስ አበባ ሊልክ እንዳሰበ ተናገረና በሻንጣ ማለፉን ጠየቀ። ቁጥር 13 ሁለት መልስ ሰጠው፤ አንደኛ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ሆነ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል፤ ይኸው አዋጅ ትንባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ደንግጓል። ዕቃውን ሊልክ ያሰበው ሰው ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

ቁጥር 14 ደግሞ በጾም ወቅት እንፋሎት መሳብ ጾም ያስፈታ እንደሆነ የጠየቀ ሲሆን፣ በቁጥር 15 አንድ አዛውንት ልጄ ሆይ ጥያቄህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ብረት ነው ብለው ዘጉት። እኚሁ አዛውንት አያይዘውም በፋርማሲ ባለሙያው ሆን ሊክ በ2003 በቻይና ተሠርቶ የወጣው ዕቃ እንደ ሲጋራ የቀጠነ እንደነበረ፣ ኃይሉ ያነሳቸው ሰዎች ግን የእጅ ባትሪ ቱቦ እየቆረጡ የመጀመሪያዎቹን ሞዶች በቤታቸው እንደሠሩ አስታወሱ፤ የቱቦው ቅርጽ ከዚያ የተወረሰ መሆኑ ነው።

ሳይመለስ የቆየው የጣዕም ጥያቄ በቁጥር 16 መልስ አገኘ፣ መላሹም የፍራንክፈርቱ ሰው ነበር፤ በዚህ ጊዜ በቁጣ ሳይሆን በእውቀት ጻፈ። ቺፕ ያለበት ሳጥን የባትሪው ቮልት ሲወርድ ዋቱን እኩል አድርጎ ይይዛል፤ መካኒካል ሞድ ይህን አያደርግም። በ0.5 ኦም ኮይል 4.2 ቮልት 35 ዋት ያህል ይሰጣል፣ ባትሪው ወደ 3.2 ሲወርድ ግን 20 ዋት ብቻ ይቀራል፤ ኮይሉ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ጣዕሙም ይደበዝዛል። የጣዕሙ መውረድ ባትሪው እንዲቀየር የሚጠራ ምልክት ስለሆነ ባትሪውን እስከ መጨረሻው መጭመቅ እንደማይገባና 3.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ማውጣት እንደሚበጅ መከረ። ከዚህ በተጨማሪ ነሐስ በእጅ ላብ እንደሚጠቁር፣ በጥርሱና በቁልፉ መገናኛ ላይ የሚከማቸው ጥቁረት ቮልት እንደሚበላ፣ ስለዚህ መገናኛዎቹን ማጽዳት ልዩነቱን ወዲያው እንደሚያሳይ ጻፈ። የለንደኑ ሰው በቁጥር 17 በሁሉም እንደሚስማማ በአንድ መስመር ገለጸ። እርቅ ብለው አልጠሩትም፣ ነገር ግን ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተጋጩም።

ቁጥር 18 ላይ ጠያቂው የተዋሰውን መለኪያ ውጤት ይዞ መጣ፤ 0.18 ኦም። 4.2ን ለ0.18 አካፍለው፦ 23.3 አምፔር። እውነተኛ አቅሙ ካልታወቀ፣ 40 ተብሎ ከተጻፈበት ባትሪ ነበር ይህን ሲስብ የቆየው። ተገርሞ ባትሪውን ለብቻው እንዳስቀመጠው ጻፈ። ከታንክ ጋር በማሸጊያ የመጣ ኮይል ለባለ ቺፕ ሳጥን እንጂ ለመካኒካል ሞድ ታስቦ ላይሠራ እንደሚችል ማንም አልነገረውም ነበር፤ ሻጩ ሁለቱን ዕቃ አንድ ላይ ሲሸጥለት ይህን አለመናገሩ በክሩ ውስጥ ከተነገሩት ጥፋቶች ሁሉ ይልቅ እኔን ያስቆጣኛል።

የአትላንታዋ ሴት በቁጥር 19 ምን እንደሚሠራ ነገረችው። ካንታል የተባለውን የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ሽቦ በ26 ቁጥር ውፍረት ገዝቶ፣ በ3 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ስድስት ዙር ቢጠመጥም አንዱ ኮይል 0.8 ኦም አካባቢ ይሆናል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታሰሩ ደግሞ ግማሹን ያህል። በዚህ ስሌት 10 አምፔር ገደማ ስለሚፈስ አቅሙ በሐቅ ለተለካ ባለ 20 አምፔር ባትሪ በቂ ትርፍ ይቀራል፣ ዋቱም ወደ 40 ስለሚጠጋ እንፋሎቱ አይከዳም። ብሎኖቹ ከጠበቁና ኮይሉ ጥቂት ጊዜ ከጋለ በኋላ ደግሞ እንዲለካ አደራ አለችው፤ የላላ የኮይል እግር ኦሙን ያወዛውዘዋል፣ የታንኩን ግድግዳ የነካ እግር ደግሞ ሾርት ነው።

በቁጥር 20 ከማንችስተር የጻፈ ሰው በቅናት ይሁን በቀልድ ባይታወቅም አሜሪካኖቹ 4 ሚሊሊትር ሲሞሉ እነሱ ከአውሮፓው የትንባሆ መመሪያ በመነጨ ሕግ ምክንያት በ2 ሚሊሊትር ታንክ፣ በ10 ሚሊሊትር የኒኮቲን ጠርሙስና በአንድ ሚሊሊትር በ20 ሚሊግራም የኒኮቲን ጣሪያ እንደታሰሩ አማረረ። በቁጥር 21 ሌላ ሰው የፈሳሹ መጠን ሳይሆን ፈሳሹ ራሱ እንደሚገድል፣ በ2019 በአሜሪካ ሳንባቸው ተቃጥሎ የሞቱትን በማስረጃነት በመጥቀስ ተናገረ። ነርሷ በቁጥር 22 ጠንከር ባለ ቃል አረመችው፤ በ68 ሰዎች ሞት የተመዘገበው ያ በሽታ በአብዛኛው የካናቢስ ንጥረ ነገር ካለባቸውና ቫይታሚን ኢ አሲቴት ከተቀላቀለባቸው ካርትሪጆች (ፈሳሽ ተሞልቶባቸው ከሚመጡ መያዣዎች) ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ማለት ግን የኒኮቲን ፈሳሽ ጤና ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ሱስ እንደሚያስይዝና ያላጨሰ ሰው እንዲጀምረው የሚያበቃ ምክንያት እንደሌለ በዚያው መልስ ላይ አስቀመጠች።

ጠያቂው በቁጥር 23 አዲሱን ኮይል ሠርቶ 0.42 ኦም እንዳገኘ፣ ታንኩ በጥጡ አቆራረጥ ለውጥ ማንጠባጠቡን እንዳቆመና ታዋቂ ፋብሪካ የሠራውን ባትሪ ከታመነ ሻጭ እንደገዛ አሳወቀ፤ የድሮውን ባትሪ ምን ላድርገው ሲልም ጠየቀ። መካኒኩ በቁጥር 24 ከቤት ቆሻሻ ጋር እንዳይጥለው፣ ሁለቱን ጫፎች በኤሌክትሪክ ቴፕ ሸፍኖ ባትሪ ወደሚሰበስብ ቦታ እንዲያደርስ ነገረው።